በጣሊያን ገጠር የምግብና የወይን ጠጅ ጉብኝት፦ ከፓርማ አይብ ቤቶች እስከ ባሮሎ ኮረብታዎች

የጣሊያንን ገጠር ከአስጎብኚ ጋር የሚጎበኝ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው መንገድ እንዲያሳዩት አይደለም፤ መንገዱንማ ስልኩም ያሳየዋል። የሚከፍለው ብቻውን ቢሄድ የማይከፈትለት በር እንዲከፈትለት፣ ያውም ሥራው በሚሠራበት ሰዓት እንዲከፈትለት ነው። አይብ የሚሠራው በማለዳ ነው፤ ወይን የሚለቀመው በዓመቱ ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ነጭ ታርቱፎ የሚባለው ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይም ከመጸው ውጭ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ጉብኝት ሲመርጡ አስቀድመው ሊመለከቱ የሚገባዎት የቦታዎቹን ብዛት ሳይሆን ሰዓቱንና ወቅቱን ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ በአንድ ቀን አምስት ቦታ አሳያለሁ የሚል አስጎብኚ መርጬ ነበር፤ አይብ ቤቱ የደረስነው ከቀትር በኋላ ስለነበር ያየነው የታጠበ ወለልና ባዶ የመዳብ ጋን ብቻ ነው።

የትኛው አካባቢ፣ በየትኛው ወቅት

ስለ ጣሊያን ወይን ጠጅ ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው በፍሎረንስና በሲዬና መካከል የሚገኘው የኪያንቲ አገር ነው። የቶስካናው መስፍን ኮሲሞ ሦስተኛ ዴ ሜዲቺ እ.ኤ.አ. በ1716 ወሰኑን በአዋጅ የከለለው፣ ዛሬም የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት በጠርሙሱ ላይ የሚታተምለት ይህ አካባቢ ዝናው ይገባዋል፤ እርሱን የሚመርጥ ሰው አይሳሳትም። ይሁን እንጂ የሚበላውና የሚጠጣው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ለመረዳት ለሚፈልግ ተጓዥ የእኔ ምክር ሌላ ነው። ሁለት ቀን በኤሚሊያ ሜዳ፣ በፓርማና በሞዴና መካከል ይቆዩ፤ ከዚያም ሦስት ቀን በፒዬሞንቴ፣ በአልባ ከተማ ዙሪያ ባሉት የላንጌ ኮረብታዎች ያሳልፉ። በመጀመሪያው አይብና አቼቶ የሚባለውን የወይን ኮምጣጤ፣ በሁለተኛው ወይን ጠጅና ታርቱፎ ያገኛሉ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርባት ሚላኖ ለሁለቱም አካባቢዎች ምቹ መነሻ ናት።

ኤሚሊያ ስሟን ያገኘችው የሮማው ቆንስል ማርኩስ ኤሚሊዩስ ሌፒዱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ዓመት ካሠራው መንገድ ነው። ፓርማ፣ ሬጆ ኤሚሊያ፣ ሞዴናና ቦሎኛ እንደ ዶቃ በዚህ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ተሰካክተው ይገኛሉ፤ ከፓርማ እስከ ሞዴና ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ማለት ጥሩ አስጎብኚ በዚህ አካባቢ ቀንዎን በመኪና ውስጥ የሚያስጨርስበት ምንም ምክንያት የለውም ማለት ነው።

ከወቅቶች ሁሉ የሚሻለው በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ባሮሎ የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ኔቢዮሎ የተባለው ወይን ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚለቀመው በጥቅምት ወር፣ የጠዋት ጉም ኮረብታውን በሚሸፍንበት ሰሞን ነው፤ ስሙንም ብዙዎች ከዚሁ ጉም፣ ማለትም ጣሊያኖች ኔቢያ ከሚሉት ቃል ጋር ያያይዙታል። የአልባ የነጭ ታርቱፎ ገበያም የሚቆመው በዚሁ በመጸው ነው። ለሚጾም ተጓዥ ወቅቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ ከዚያ በፊት የሚጨርሰው ጉዞ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የአዋጅ ጾም አይገጥመውም። የፈቃድ ጾም የሆነውን ጽጌን የሚጾም ሰው ግን ከኅዳር 6 በኋላ ያለውን ሳምንት ቢመርጥ ይሻለዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 የሚከበረው የፌራጎስቶ በዓል ሰሞን ብዙ ቤቶች ተዘግተው ባለቤቶቹ ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ነሐሴን ባይመርጡት እመክራለሁ።

ከመክፈልዎ በፊት

ለአስጎብኚው ጥያቄዎን በጽሑፍ ይላኩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አይብ ቤቱ የምንደርሰው በስንት ሰዓት ነው? የሚያስረዳን አይቡን የሚሠራው ሰው ነው ወይስ የሱቁ ሻጭ? ስንት ሰዎች እንሆናለን? ቅምሻው በክፍያው ውስጥ ተካቷል ወይ? ከስምንት ሰው በላይ የሆነ ቡድን በጠባቡ የወይን ጠጅ ማቆያ ምድር ቤት ውስጥ ሲቆም ከኋላ ያለው ምንም አይሰማም፤ ይህን ከራሴ አይቼዋለሁ። በጣሊያን አስጎብኚነት በፈቃድ የሚሠራ ሙያ ስለሆነ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅም ነውር አይደለም። ሰዓትን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ከጠዋቱ 8፡00 ተብሎ የተጻፈልዎት ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በዚህ የተሳሳተ ሰው አይቡን ከማየት ይቀራል።

መኪና ተከራይቶ ራስን መንዳት የሚያዋጣ ይመስላል፤ ነገር ግን በጣሊያን ሕግ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ብቻ ሲሆን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ምንም ሊኖርበት አይፈቀድም። በየከተማው መሐል ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይገባ የተከለሉና በካሜራ የሚጠበቁ ሰፈሮች ስላሉም የቅጣቱ ደብዳቤ ከወራት በኋላ ቤትዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ወይን ጠጅ በሚቀምሱባቸው ቀናት ሾፌር የግድ ነው።

የማይበሉትን ነገር በግልጽ ማሳወቅ ደግሞ ለእኛ ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ነው። ኤሚሊያ የአሳማ አገር ናት። ከአይብ ሥራ የሚተርፈው አጓት ከጥንት ጀምሮ ለአሳማ መኖ ሲሆን በመኖሩ፣ የፓርማ አይብና ጣሊያኖች ፕሮሹቶ የሚሉት የደረቀ የአሳማ ታፋ ጎን ለጎን አድገዋል። ስለሆነም አሳማ የሚገኘው በሥጋ ሳህን ላይ ብቻ አይደለም። ቶርቴሊኒ የተባለው ትንሹ ፓስታ በሆዱ የሚይዘው የአሳማ ሥጋ ነው፤ በየምሳው የሚቀርበው ኞኮ ፍሪቶ የተባለው ትኩስ ጥብስ ቂጣ በባህላዊው አሠራር የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። ስለዚህ ሥጋ አልበላም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ሴንዛ ማያሌ፣ ሴንዛ ስትሩቶ» ማለትም ያለ አሳማ ሥጋ፣ ያለ አሳማ ስብ ብለው ከሳምንት በፊት ያስጽፉ። አስጎብኚው ፕሮሹቶ የሚደርቅባትን የላንጊራኖን ጉብኝት አውጥቶ በምትኩ ሌላ የወይን እርሻ እንዲያስገባልዎት መጠየቅ ይችላሉ፤ በምሳ ላይ ደግሞ ሪኮታ አይብና ቆስጣ የሚመስል ቅጠል የተሞላበትን ቶርቴሊ ያዘዘ ሰው ምንም አይቀርበትም።

ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ተጓዥ እነዚያን ቀናት አቼቶ ለሚቀመስበት ቤት ወይም ለመንገድ ቢመድባቸው መልካም ነው፤ አቼቶው ከወይን ጭማቂ በቀር ምንም የለበትምና። ለምሳ እንቁላል የሌለበትን ደረቅ ፓስታ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ ወይም የተቀቀለ ባቄላና ሽምብራ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ቅቤና አይብ እንዳይጨመርበት አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ለእነርሱ ያ ቅመም እንጂ ምግብ አይመስላቸውም።

አይብ ቤቱ በማለዳ

ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው አይብ በዚህ ስም ሊጠራ የሚችለው በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያና በሞዴና፣ እንዲሁም በቦሎኛና በማንቶቫ ከፊል ግዛቶች ሲሠራ ብቻ ነው። ላም በበዓል ቀን ወተት ስለማታቋርጥ አይብ ሠሪውም በዓል የለውም፤ እሁድም ሆነ ገና ጋኑ ይጣዳል። ወደ ውስጥ እንደገቡ ፊትዎን የሚመታው ሞቅ ያለ የወተት እንፋሎት ነው። የተገለበጠ ደወል የሚመስሉት የመዳብ ጋኖች በመደዳ ተተክለው፣ በውስጣቸው ሌሊቱን ሲያድር ክሬሙ የተገፈፈለት የማታ ወተትና ገና የታለበው የጠዋት ወተት ተቀላቅለው ይገኛሉ። ለእርሾ የሚጨመረው ከትናንቱ ሥራ የተረፈው አጓት ነው። ወተቱን የሚያረጋው ግን ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ስለሆነ የእኛን አይብ ለሚያውቅ ሰው ሥራው አዲስ ነው፤ የእኛ እናቶች ቅቤው የወጣለትን አሬራ በእሳት ብቻ ያረጉታል፤ እዚህ ግን ወተቱ ከቀረው ቅባት ጋር ሳይፈላ ይረጋል።

ከዚህ በኋላ ዓይንዎን ከአይብ ሠሪው እጅ ላይ አይንቀሉ። ስፒኖ የሚባል፣ የሽቦ ቅርጫት የመሰለ ትልቅ መምቻ አስገብቶ የረጋውን ወተት እንደ ስንዴ ፍሬ እስኪደቅ ድረስ ይሰባብረዋል። ሙቀቱ እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በኋላ ፍሬው ወደ ጋኑ ግርጌ ዘቅጦ ለአንድ ሰዓት ገደማ ያርፋል። ልምድ ያለው ሰው በሥራው መካከል ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ጨብጦ፣ እጁን ከፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ፈርክሶ ያየዋል፤ መብሰሉን የሚነግረው ይህ ነው። በመጨረሻም ሁለት ሰዎች በእንጨት መቅዘፊያ ነጩን ትልቅ ሙልሙል ከአጓቱ ውስጥ እያነሱ በተልባ እግር ጨርቅ ይይዙትና በቢላዋ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ሁለቱ ግማሾች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንትዮች ይባላሉ። አስጎብኚዎ በዚህች ቅጽበት ሱቁን ላሳይዎት ቢል እባክዎን እምቢ ይበሉ፤ የመጡት ይህን ለማየት ነው።

አንዱ ክብ አይብ 550 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል፤ ክብደቱም 40 ኪሎ ገደማ ነው። ለሳምንታት በጨው ውሃ ውስጥ ከዋኘ በኋላ ቢያንስ 12 ወር በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ መርማሪው በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም ባዶ ቦታ ያለው አይብ የሚሰጠው ድምፅ ጤነኛው ከሚሰጠው የተለየ ስለሆነ ሳይቆረጥ ይታወቃል። ክሬዲቶ ኤሚሊያኖ የተባለው ባንክ እነዚህን አይቦች በመጋዘኑ እያቆየ በመያዣነት ተቀብሎ ለአምራቾች ብድር ይሰጣል፤ ይህ አይብ በአገሩ ምን ያህል እንደሚከበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም።

ሲቀምሱ ከ12 ወሩ ጀምረው ወደ 24ና ወደ 36 ወሩ ይሂዱ። የ12 ወሩ የወተት ጣዕም አለው፤ የ36 ወሩ ይፈረፈራል፣ በጥርስ መካከልም ሲሰበር የሚሰማ ነጭ ቅንጣት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ጨው ይለዋል፤ ጨው ሳይሆን ፕሮቲኑ ከጊዜ ጋር ሲፈርስ የሚወጣ አሚኖ አሲድ ነው። ከአይቡ ጋር የሚቀርበው ላምብሩስኮ፣ ቀዝቀዝ ብሎ የሚጠጣና አረፋ ያለው ቀይ ወይን ጠጅ፣ የቅባቱን ክብደት ከምላስ ላይ ያጥባል፤ ጣፋጩን ሳይሆን ደረቁን ይጠይቁ።

ቆጥ ላይ የሚኖረው አቼቶ

የሞዴና ባህላዊ አቼቶ ባልሳሚኮ ከሱፐርማርኬት ከሚገዛው ጋር ስም እንጂ ሌላ ነገር አይጋራም ማለት ይቻላል። ተራው ከወይን ጭማቂና ከወይን ጠጅ ኮምጣጤ ተቀላቅሎ በ60 ቀን ለገበያ ሊደርስ ይችላል፤ ባህላዊው ግን ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ከወፈረ የወይን ጭማቂ ብቻ ተሠርቶ ቢያንስ 12 ዓመት፣ የላቀው ደግሞ 25 ዓመት ይቆያል። የሚቀመጠው ምድር ቤት ሳይሆን ቆጥ ላይ፣ ከጣራው ሥር ነው፤ የበጋው ሙቀት እንዲያተንነው፣ የክረምቱ ብርድ እንዲያሳርፈው ይፈለጋልና። በርሜሎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከትንሹ ጥቂት ይቀዳል፣ የጎደለው ከቀጣዩ ይሞላል፣ እንዲህ እያለ እስከ ትልቁ ይደርሳል። ሲቀምሱ ጠብታውን በማንኪያ ተቀብለው ወዲያው አይዋጡት፤ ምላስዎ ላይ ያቆዩት። የሚገዙ ከሆነ ባህላዊ የሚለውን ቃል፣ በጣሊያንኛ «ትራዲሲዮናሌ» የሚለውን፣ ጠርሙሱ ላይ ይፈልጉ፤ የሞዴናው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሆዱ በተነፋ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው።

በላንጌ ወይን ጠጅን መቅመስ

ላንጌ ሲደርሱ ማረፊያዎን «አግሪቱሪዝሞ» በሚባል የገበሬ ቤት ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ይህ በሕግ የተደነገገ ነገር ሲሆን፣ ባለቤቱ ከእንግዳ ማረፊያው በተጨማሪ በእርግጥ የሚያርስ ገበሬ መሆን አለበት። ከመስኮትዎ የሚያዩት የወይን ተክል የተሸፈነ ኮረብታ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በቀን ሁለት የወይን ጠጅ ቤት ይበቃል። አንዱን ከረፋዱ፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ ያድርጉት። ሽቶ አይቀቡ፤ የእርስዎንም የጎረቤትዎንም አፍንጫ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፤ ዶልቼቶ፣ ከዚያ ባርቤራ፣ ከዚያ ባርባሬስኮ፣ በመጨረሻ ባሮሎ። ብርጭቆውን ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድመው ቀለሙን ይመልከቱ፤ ባሮሎ ከጉልበቱ አንጻር ቀለሙ የሳሳ መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። ከዚያ አሽትተው፣ ጥቂት ጎንጨት ብለው፣ በአፍ ውስጥ አዟዙረው፣ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ይትፉት። መትፋት ባለቤቱን ማሳፈር የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። የአገራችን ቡና ቀማሾች በቀን ብዙ ስኒ ቀምሰው ጣዕሙን መለየት የቻሉት ስለሚተፉ ነው፤ እዚህም እንዲሁ ነው።

ባሮሎ በወጣትነቱ አፍን ያደርቃል፤ ድድንም ጨምድዶ ይይዛል። ሕጉ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲቆይ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሮሎ የሚሠራባቸው ወረዳዎች 11 ሲሆኑ የአፈራቸው ልዩነት በብርጭቆ ውስጥ ይታወቃል። ላ ሞራ ከምትባለው መንደር የሚመጣው በአብዛኛው ለስለስ ያለና ቶሎ የሚጠጣ ሲሆን፣ ከሴራሉንጋ ዳልባ የሚመጣው ጠንካራና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። እንግዲህ አስጎብኚዎን አንድ ነገር ብቻ ቢለምኑት ይህን ይለምኑት፦ የአንድ ዓመት ምርት የሆኑ፣ አንዱ ከላ ሞራ፣ ሌላው ከሴራሉንጋ የተገኙ ሁለት ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ይቅረቡልኝ ይበሉት። በዚያች ሩብ ሰዓት የሚገኘው ትምህርት አሥር ወይን ጠጅ በየተራ ከመቅመስ ይበልጣል።

ለምሳ የአልባ ጥሬ ሥጋን ይዘዙ። በቢላዋ ደቅቆ የተከተፈ የጥጃ ሥጋ በወይራ ዘይት፣ በጨውና ብዙ ጊዜም በሎሚ ጠብታ ይቀርባል፤ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ ባይኖርበትም ክትፎ ለለመደ ሰው ወዳጅ ቤት የገባ ያህል ነው። ታያሪን የሚባለው ቀጭን ፓስታ ደግሞ በእንቁላል አስኳል ብዛት ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ ነጭ ታርቱፎ ጥሬውን እንደ ቅጠል ሳስቶ የሚከረከመው በዚህ ላይ ነው። ታርቱፎ በግራም ስለሚሸጥ አስተናጋጁ ከመክርከሙ በፊት ዋጋውን መጠየቅ፣ ከመክርከሙ በፊትና በኋላ በሚዛን እንዲያስቀምጠው መጠየቅም የተለመደ ነው። ወደ ጫካ ወስደው ውሻ ታርቱፎ ሲያሸት የሚያሳዩበት ጉብኝት ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ እውነተኛው ፍለጋ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ በምስጢር የሚካሄድ ሲሆን በቀን የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ማሳያ መሆኑን አውቀው ይሂዱ። የታርቱፎ ዘይት ግን አይግዙ፤ ብዙው ሽታው በላቦራቶሪ የተሠራ ነው።

ገዝቶ መመለስ

አይቡን ከሠሩት ሰዎች እጅ፣ አየር በተነቀለበት ላስቲክ አሽገው ይግዙት፤ እንዲህ የታሸገው መንገድ ይችላል። ወይን ጠጁንና አቼቶውን በልብስ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት። ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ጠንካራ አይብ ይዞ መግባት ይችላል፤ መያዙን ግን በመግቢያው ላይ ያስመዝግብ፤ ሥጋ ነክ ነገሮችን አለመያዙ ይሻለዋል። ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ኩዌት የሚጓዝ ደግሞ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጠርሙሱን እዚያው ላንጌ ጨርሶ ይሂድ።

ባሮሎውን ቤት እንዳደረሱ ወዲያው አይክፈቱት፤ መንገድ ያናውጠዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስተኝተው ያሳርፉት፤ ሊጠጡት ባሰቡበት ዋዜማ ዝቃጩ እንዲወርድ ያቁሙት፤ በዕለቱም ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይክፈቱት።